የወንዝ ዳሩ አጥንት ዘመዶች

ተረት ልነግራችሁ ነው። ጆሮ ያለው ይቅረብ፤ ጆሮ የሌለውም ይቅረብ፣ ቦታ አይጠፋም። ከኋላ ያላችሁ አትግፉ። ተረቱ ለሁሉም ይደርሳል፤ ካልደረሰም እደግመዋለሁ፣ ሥራ የለኝም።

በድሮ ጊዜ፣ እንስሳት እንደ ሰው በሚነጋገሩበት፣ ሰውም አንዳንዴ ዝም በሚልበት በዚያ ደግ ዘመን፣ በቆላ አገር አንድ ወንዝ ነበረ። በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይጎድላል። ወንዝ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ በዚህ የሚገርም ነገር የለም። የሚገርመው አንድ ዓመት ክረምቱ ሳይመጣ መቅረቱ ነው። ወንዙም ጎደለ፣ ጎደለ፣ ጎደለና አለቀ። የቀረችው ከአንድ ትልቅ ዋርካ አጠገብ፣ ከገደሉ ሥር ያለች አንዲት ኩሬ ብቻ ነበረች።

ወደዚያች ኩሬ ሁሉም ይመጣል። ዝሆን ይመጣል። ጅብ ይመጣል። ጉማሬ አይመጣም፣ እዚያው ነው የሚኖረው። ትንሹም ትልቁም ይመጣል። የዚያ አገር እንስሳት ደግሞ ሰላምታ ላይ ቀልድ አያውቁም ነበር። ውሃ ዳር ሲገናኙ፦

"እንዴት አደርክ?"

"እግዜር ይመስገን። እንዴት አደርሽ?"

"እግዜር ይመስገን። ልጆች ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው። ሣሩስ እንዴት ነው?"

"ሣሩ አልቋል፣ እግዜር ይመስገን። ቆዳህስ?"

"ቆዳዬ ተሰነጣጥቋል፣ እግዜር ይመስገን።"

እንዲህ ሲባባሉ ፀሐይዋ አናት ላይ ትወጣለች። ሰላምታው ሳያልቅ አፉን ወደ ውሃ የሚሰድ ባለጌ ይባላል። አንድ ጊዜ አንዲት ድኩላ ጠምቷት ሰላምታውን አጋምሳ ጠጣች። ወሬው ተራራ ተሻግሮ ሄደና ለጋብቻ የሚጠይቃት ጠፋ።

ከኩሬዋ ፊት ለፊት፣ ገደሉ ላይ በቆፈረችው ጉድጓድ ውስጥ፣ እመት ከርከሮ ከግልገሎቿ ጋር ትኖር ነበር። ባሏን አንበሳ በልቶባታል። አንበሳው ለቅሶ ደርሷል፤ ደህና አድርጎ አልቅሷል ይባላል። ለመቅበር የቀረላት ግን የባሏ ጭራ ብቻ ነበር። ጭራውን በክብር ቀበረችና ልጆቿን ማሳደግ ቀጠለች።

ግልገሎቹ ገና ትንንሾች ናቸው። እግራቸው አጭር ነው። ከጉድጓዱ እስከ ኩሬዋ ወርደው ሲመለሱ ይደክማሉ። ሌላ ውሃ የሚገኘው ከጥቁሩ የድንጋይ ሜዳ ማዶ ነው። ለዝሆን የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ለከርከሮ ግልገል ግን መንገድ አይባልም፣ ሞት ነው። እመት ከርከሮ ይህን ታውቃለች። ስለዚህ በየጠዋቱ ስትነሳ መጀመሪያ የምታየው ኩሬዋ መኖሯን ነበር።

አንድ ቀን ጉድጓዱ ለልጆቹ ጠበባቸውና ልታሰፋው ከደጁ በኩል ትቆፍር ጀመር። ክራንቻዋ አንድ ነገር ነካ፣ ቀጭ አለ። ድንጋይ መሰላት። ዙሪያውን ጫረች። ክብደቱ ድንጋይ ነው፣ ቅዝቃዜው ድንጋይ ነው፣ ቅርጹ ግን አጥንት ነው። ረጅም ነው፣ ወፍራም ነው። ከአጠገቡ ደግሞ መንጋጋ ብቅ አለ፤ ከመንጋጋው ላይ አንድ ቆልማማ ጥርስ። አጥንት ሆኖ ኖሮ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ድንጋይ የሆነ ነገር ነበር።

እመት ከርከሮ ጎረቤቶቿን ጠራች። የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው። ዝም ብላ አፈሩን ብትመልስበት ኖሮ ይህ ተረት አይኖርም፣ እኔም ሌላ እነግራችሁ ነበር።

ሁሉም መጥተው ቆሙ። ሁሉም አዩ።

"አጥንት ነው" አለ ዝሆን።

"አጥንት ነው" አለ ጉማሬ።

"ጥሩ አጥንት ነው" አለ ጅብ።

ከዚያ ሁሉም ዝም አሉ። ሁሉም ያሰቡት አንድ ነገር ስለነበረ ነው። በዚያ አገር አጽመ ርስት የሚባል ሕግ አለ። የአያትህ አጥንት ያረፈበት መሬት ያንተ ነው። አጥንቱን ያሳየ ባለርስት ነው፤ ባለርስት የወደደውን ያስጠጋል፣ ያልወደደውን ያስነሳል። ይህ አጥንት ያረፈው ደግሞ ከኩሬዋ አፋፍ ላይ ነው። እንግዲህ የአጥንቱ ዘመድ የሆነ የኩሬዋ ጌታ ይሆናል ማለት ነው።

ያን ጠዋት አጥንቱ አንድም ዘመድ አልነበረውም። ሦስት ቀን ሳይሞላ ሦስት ዘመድ አገኘ።

ነገሩ ዋርካው ዘንድ ቀረበ። የአገሩ ዳኛ ዋርካው ነበር። ዳኛ ያደረጉት በዕውቀቱ አይደለም። የትም ስለማይሄድና ጥላው ለሁሉም ስለሚበቃ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ዝሆን ተነሳ። ጉሮሮውን ጠረገ፣ የጠረገው ጉሮሮ ረጅም ስለሆነ ጊዜ ወሰደ።

"አባ ዋርካ፣ እኔ የጎሽሜ ልጅ ነኝ። ጎሽሜ የሰባብር ልጅ ነው። ሰባብር የደምስስ ልጅ ነው። ይህ የተኛው ደምስስ ነው።"

"በምን አወቅህ?" አለ ዋርካው።

"በጭኑ" አለ ዝሆን። እግሩን አንስቶ ከአጥንቱ ጎን አቆመ። "ይኸው ወፍራም ነው፣ የኔም ወፍራም ነው። ይኸው ረጅም ነው፣ የኔም ረጅም ነው። ከእኛ ወገን በቀር እንዲህ ያለ ጭን ያለው ይምጣና ያሳየኝ።"

ሁሉም ጭናቸውን አዩ። የመጣ አልነበረም።

"ቢፈረድልህ ምን ታደርጋለህ?"

"ትልልቆቹን አላስነሳም። ትንንሾቹ ግን ይነሱልኛል፣ በተለይ ጉድጓድ የሚቆፍሩት። እግሬ እየገባ ተቸግሬአለሁ።"

እመት ከርከሮ ከኋላ ቆማ ሰማች። ልቧ ወደ ሆዷ ወረደ።

"ሰማሁ" አለ ዋርካው። "ነገ ይቀጥላል።"

በሁለተኛው ቀን ጉማሬ ከውሃው ወጣ። ጭቃው እስኪንጠባጠብ ሁሉም ጠበቁት።

"አባ ዋርካ፣ እኔ የድፍርሱ ልጅ ነኝ። ድፍርሱ የአጥለቅልቅ ልጅ ነው። አጥለቅልቅ የዋጠው ልጅ ነው። ይህ የተኛው ዋጠው ነው።"

"በምን አወቅህ?"

"በጥርሱ" አለ ጉማሬ። አፉን ከፈተ። ሁሉም ወደ ውስጥ አዩ፤ ባያዩ ይሻላቸው ነበር። "ይኸው የሱ ቆልማማ ነው፣ የኔም ቆልማማ ነው። ይኸው መንጋጋው ሰፊ ነው፣ የኔም ሰፊ ነው። ጭን ማንም አለው። እንዲህ ያለ አፍ ግን ያለን እኛ ብቻ ነን።"

"ቢፈረድልህ ምን ታደርጋለህ?"

"የሚጠጡትን አልከለክልም። ጭቃው ውስጥ የሚንከባለሉት ግን ይነሱልኛል። ከርከሮ ከነልጆቿ ትንከባለላለች። ጭቃው ደግሞ የኔ ነው።"

የእመት ከርከሮ ልብ ከሆዷ ወደ ሰኮናዋ ወረደ።

"ሰማሁ" አለ ዋርካው። "ነገ ይቀጥላል።"

በሦስተኛው ቀን ጅብ እየተሽኮረመመ ቀረበ።

"አባ ዋርካ፣ እኔ ይህ አያቴ ነው አልልም። እውነት እናገራለሁ። ይህ የአያቴ እራት ነው።"

ዋርካው ቅርንጫፉን አወዛወዘ። "እራት?"

"እራት። እኔ የቆረጣጠመው ልጅ ነኝ። ቆረጣጠመው የግጠው ልጅ ነው። እዚህ ጭኑ ላይ፣ ይኸው፣ የግጠው ጥርስ ምልክት አለ።" ጅብ አፉን ከአጥንቱ ላይ ገጠመ። ጥርሱ በምልክቱ ልክ ገባ። ትንሽም ገጥሞ ቆየ፣ ዋርካው ተው እስኪለው። "ተጓዥ የትም ይሞታል። እራት ግን ሰው በቤቱ ነው የሚበላው። አያቴ እዚህ ከበላ፣ ቤቱ እዚህ ነበረ።"

ዋርካው ነገሩን ቢያገላብጠው ስህተቱ አልታየው አለ።

"ቢፈረድልህ ምን ታደርጋለህ?"

"እኔ ማንንም አላስነሳም" አለ ጅብ። "ሁሉም ይቅር። በተለይ ግልገል ያላቸው ይቅሩ።"

የእመት ከርከሮ ልብ ከዚህ በታች የሚወርድበት ቦታ አልነበረውም።

"ሰማሁ" አለ ዋርካው። "ሦስቱም እውነት ይመስላል። ነገ ጠዋት እፈርዳለሁ።"

ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። እመት ከርከሮም ወደ ጉድጓዷ ገባች። ግልገሎቿን አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ተኝተው አየቻቸው። ለዝሆን ቢፈረድ ትነሳለች። ለጉማሬ ቢፈረድ ትነሳለች። ለጅብ ቢፈረድ ባትነሳ ይብሳል። የድንጋዩን ሜዳ አሰበችና ፈራች።

እኔም ዘመዱ ነኝ ልበል ይሆን? ብላ አሰበች። ክራንቻ እሷም አላት። ግን ማን ያምናታል? የከርከሮ አያቶች አጥንት ያለው በጅብና በአንበሳ ሆድ ነው፤ የጅብ ሆድ ደግሞ ለማንም ርስት ሆኖ አያውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ቀራት። አጥንቱን ገፍታ ኩሬዋ ውስጥ መጨመር። አጥንት ከሌለ ዘመድ የለም፣ ዘመድ ከሌለ ጌታ የለም። ፀሐይ ስትጠልቅ ቀስ ብላ ወጣች። አፍንጫዋን ከአጥንቱ ሥር አስገባች። ልትገፋ ስትል ግን አቆመች። እናቷ በሥርዓት ነው ያሳደገቻት። ሰላም ያላሉትን ሰው መግፋት ነውር ነው። ከገፉትም በኋላ ሰላም ማለት አይመችም።

"እንዴት አመሹ?" አለችው።

"እግዜር ይመስገን" አለ አጥንቱ። "እንዴት አመሸሽ? ልጆችሽ ደህና ናቸው?"

የእመት ከርከሮ ጭራ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከርከሮ ስትደነግጥ ጭራዋ ይቆማል።

"ደ… ደህና ናቸው። ይናገራሉ እንዴ?"

"ሰላም ሳልባል እንዴት ብዬ ልናገር? ሦስት ቀን ሙሉ አንዱ ጭኔን ይለካል፣ አንዱ ጥርሴን ይቆጥራል፣ አንዱ ቁስሌን ይልሳል። እንዴት አደሩ ያለኝ የለም። እኔ ደግሞ ሰላም ያላለኝ ሰው ጨዋታ ውስጥ አልገባም። ዘመኑ ተበላሽቷል ብዬ ዝም አልኩ። አንቺ ምን ልታደርጊ መጣሽ?"

እመት ከርከሮ መዋሸት አልቻለችም። "ልገፋዎት ነው።"

"ወዴት?"

"ወደ ኩሬዋ።"

"ይቀዘቅዛል?"

"ለብ ያለ ነው።"

"መልካም" አለ አጥንቱ። "ግን ለምን?"

ያን ጊዜ እመት ከርከሮ ተቀመጠችና አለቀሰች። እያለቀሰች ሁሉንም ነገረችው። ድርቁን ነገረችው፣ ልጆቿን ነገረችው፣ ሦስቱን ዘመዶች ነገረችው። አጥንቱ ሳያቋርጣት ሰማ። ማቋረጥ ከድሮም ልማዱ አልነበረም።

"ለመሆኑ የማን አጥንት ነዎት?" አለች አፍንጫዋን እየጠረገች።

"የራሴ" አለ አጥንቱ።

"ዝሆን አይደሉም?"

"ዝሆን አይደለሁም።"

"ጉማሬስ?"

"ጉማሬም አይደለሁም። ጭናችን እንደ ዝሆን ነበር፣ አፋችን እንደ ጉማሬ ነበር። የወገናችን ስም ነበረን። አሁን በዚያ ስም ቢጠራ አቤት የሚል የለም፤ ስለዚህ ስሙን ብነግርሽ ምን ያደርግልሻል?"

እመት ከርከሮ ጆሮዋን ወደ አጥንቱ አስጠጋች።

"በኛም ጊዜ ድርቅ ነበር" አለ አጥንቱ። "ኩሬም ነበረች፣ ይቺው ናት። ከገደሉም አጥንት ወጣ። የአያታችን ነው አልን። ትልልቆች ስለነበርን የተከራከረን የለም። ተፈረደልን። ሁሉንም አባረርን፣ ቆፋሪውንም ጠራጊውንም። ደስ አለን። ከዚያ ምንጩን አሸዋ ሞላው፤ የሚቆፍር አልነበረም። መውረጃው በሣር ተዘጋ፤ የሚጠርግ አልነበረም። ከእኛ የሞተው ውሃው ውስጥ ተኛ፤ የሚያነሳ አልነበረም። ውሃው ገማ። ወገኖቼ አንድ ባንድ አለቁ። የመጨረሻው እኔ ነበርኩ። ያን ጊዜ ኩሬዋ በሙሉ የኔ ነበረች።"

ይህን ሲል ድምፁ አልተለወጠም። ድንጋይ ከሆነ ብዙ ዘመኑ ነው።

"ነገ ይህን ለዳኛው ይንገሩልኝ" አለች እመት ከርከሮ።

"ሰላም የሚለኝ ካለ" አለ አጥንቱ።

በማግስቱ ሁሉም ከዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። እንዴት አደርክ፣ እንዴት አደርሽ፣ ቆዳህስ፣ ሣሩስ ተባባሉ። ሲጨርሱ ዋርካው ቅጠሉን አራገፈና፦

"እንግዲህ ልፈርድ ነው" አለ።

እመት ከርከሮ ከኋላ ወደ ፊት መጣች። "አባ ዋርካ፣ ከመፍረድዎ በፊት ምስክር አለኝ።"

"ማን ነው?"

"ሟቹ።"

ጅብ ሳቀ። የሱን ሳቅ ታውቁታላችሁ።

"አጥንት አይናገርም" አለ ዝሆን። "ሦስት ቀን አጠገቡ ቆምን፣ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።"

"አያ ዝሆን፣ እንዴት አደሩ ብለኸዋል?" አለች እመት ከርከሮ።

ዝሆን ወደ ጉማሬ ዞረ። "እኔ አንተ ያልከው መስሎኝ ነው።"

"እኔ ደግሞ አንተ ቀድመህ ስለመጣህ..." አለ ጉማሬ።

ሁለቱም ወደ ጅብ ዞሩ። "እኔ ከእራት ጋር ሰላምታ ለምዶብኝ አያውቅም" አለ ጅብ፣ ግን እሱም መሬት መሬት ያይ ነበር።

በዚያ አገር እንዲህ ያለ እፍረት ታይቶ አይታወቅም። ሦስት ቀን ሙሉ ከአንድ ሽማግሌ ጎን ቆሞ ጭኑን መለካት፣ ሰላም ሳይሉ! ዋርካው ራሱ ቅጠሉ ረገፈ። "እኔስ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ሥሬ ሲነካው ስንት ዘመኑ ነው።"

ከዚያ ሁሉም ተሽቀዳደሙ። ዝሆን ኩምቢውን አጥፎ፣ "እንዴት አደሩ አባት?" አለ። ጉማሬ፣ "እንዴት ሰነበቱ?" አለ። ጅብ፣ "እግርዎ እንዴት ነው?" አለ። ዋርካው፣ "እንዴት ከረሙ ጎረቤት?" አለ። አጥንቱ ለሁሉም አንድ ባንድ መለሰ፤ እሱም የሁሉንም ልጆች፣ የሁሉንም ሣር፣ የሁሉንም ቆዳ ጠየቀ። ብዙ ዘመን ተጠራቅሞበት ነበርና ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች።

"አሁን ይንገሩን" አለ ዋርካው። "የማን አያት ነዎት?"

"ዘር አልተረፈኝም" አለ አጥንቱ። "ዘመድህ ነኝ የሚለኝን ግን እምቢ አልልም። ዘመድ ጥሩ ነገር ነው። ከሞትኩ ጀምሮ ያለቀሰልኝ የለም። አርባዬ አልወጣም። ሙት ዓመቴ አልወጣም። ተዝካሬ አልተበላም። ዘመዴ የሆነ ሰው አሁን ተነስቶ ያልቅስልኝ፣ ለዚህ አገር እንስሳ ሁሉ ይደግስልኝ።"

እንስሳቱ እርስ በርስ ተያዩ። ሣር የለም፣ ቅጠል የለም፤ ለአገር የሚደገስበት ዓመት አልነበረም።

ዝሆን ወደ አጥንቱ ጠጋ አለ። እንደገና እግሩን ከጎኑ አቆመ። "አሁን በደንብ ሳየው" አለ፣ "ጭኑ አጭር ነው። ደምስስ ቁመተ ረጅም ነበር ይባላል።" ብሎ ወደ ኋላ ተመለሰ።

ጉማሬ ጠጋ አለ። ጥርሱን አየ። "አሁን በደንብ ሳየው" አለ፣ "ጥርሱ የተቆለመመው ወደዚያ ነው። የኛ የሚቆለመመው ወደዚህ ነው።" ብሎ ወደ ኋላ ተመለሰ።

ጅብ ግን ደረቱን ነፋ። "እኔ ቀድሜ ተናግሬአለሁ። ዘመድ አይደለሁም። የበላሁ ወገን ነኝ። ተዝካሩ ከተደገሰ ለመብላት እመጣለሁ እንጂ መደገስ አይመለከተኝም።"

"አዎ፣ አንተን አውቅሃለሁ" አለ አጥንቱ። "ጥርሱ የአያትህ ነው። አባርረነው ሄዶ በመጨረሻዋ ምሽት ተመልሶ መጣ። ያን ጊዜ ግን ገና አልሞትኩም ነበር። እንዴት አመሸህ ስለው ነው ጭኔን የጀመረው።"

ዋርካው ድምፁን አወፈረ። "እንግዲያው ይህ እራት አይደለም፣ ነፍስ መግደል ነው። የገዳይ ወገን ደግሞ ካሣ ይጠየቃል።"

ጅብ ወደ አጥንቱ አጎነበሰ። አሸተተ። ዓይኑን ጠበብ አደረገ። "አሁን በደንብ ሳየው" አለ፣ "ይህ የጥርስ ምልክት አይደለም። ድንጋይ ወድቆበት ነው።" ብሎ ወደ ኋላ ተመለሰ።

ጠዋት ሦስት ዘመድ የነበረው አጥንት እኩለ ቀን ላይ አንድም አልነበረውም። ብቻውን ፀሐይ ላይ ተጋድሞ ቀረ።

እመት ከርከሮ አየችው። የባሏ ጭራ ትዝ አላት። ኩሬዋን ረሳች፤ ለአፍታም ቢሆን ከልቧ ረሳቻት። ሄዳ አጠገቡ ትቢያ ላይ ተቀመጠች።

"እኔ አለቅስልዎታለሁ" አለች። ጭኗን ያየ የለም፣ ጥርሷን ያየ የለም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሙሾ አወረደች፦

"ጭንህ እንደ ዝሆን፣ አፍህ እንደ ጉማሬ፣
ሰላም ሳትባል ነው የኖርከው እስከ ዛሬ።"

መጀመሪያ ያለቀሰው ዝሆን ነው። ቀጥሎ ጉማሬ አለቀሰ። ጅብም አለቀሰ፤ ሲያለቅስና ሲስቅ ድምፁ አንድ ስለሆነ ማንም አልተቀየመውም። ሁሉም የየራሱን ሙት እያነሳ አለቀሰ። በዚያ ዓመት ያልሞተበት አልነበረም።

ለቅሶው ሲያበቃ እመት ከርከሮ ወደ ጉድጓዷ ገባች። ለልጆቿ ያስቀመጠችውን ሥራ ሥር ሁሉ አወጣች። ለዝሆን አንድ ጉርሻ፣ ለጉማሬ አንድ ጉርሻ፣ ለትንሹም ለትልቁም አንድ አንድ ጉርሻ አደረሰች። ላዩ ላይ ከኩሬዋ ጠጡበት። ጅብ ሥጋ ጎድሎታል አለ፤ የመለሰለት የለም።

"ተዝካሬ ተበላ" አለ አጥንቱ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገረም።

ዋርካው ፈረደ። "ጭን ያለው ጭኑን ይዞ ሄደ፣ ጥርስ ያለው ጥርሱን ይዞ ሄደ። ያለቀሰችውና የደገሰችው እሷ ናት። ርስቱ የእመት ከርከሮ ነው። የወደደችውን ታስጠጋ፣ ያልወደደችውን ታስነሳ።"

ዝሆን ጆሮውን አጣበቀ። ጉማሬ ውሃውን በዓይኑ ተሰናበተ። ጅብ ወደ ኋላ ሁለት ሦስት ርምጃ ሄደ። እመት ከርከሮ ሁሉንም አየቻቸው። ጅብን ከሁሉም አስረዝማ አየችው። ግልገሎቿ እግሯ ሥር ነበሩ፣ ጅቡም ግልገሎቿን ያይ ነበር። ሂድ ብትለው ይሄዳል። ሂድ ለማለትም አፏን ከፍታ ነበር። አጥንቱ ትናንት ማታ የነገራት ግን ጆሮዋ ላይ ነው፦ ኩሬዋ በሙሉ የኔ ነበረች።

"አያ ዝሆን ይቆፍር" አለች። "አያ ጉማሬ መውረጃውን ይጥረግ። አያ ጅቦ የሞተውን ያንሳ።"

"የሞተውን ብቻ?" አለ ጅብ።

"የሞተውን ብቻ።"

ጅብ አሰበበት። "እሺ" አለ፣ ፊቱን አዙሮ።

"ይህን ያደረገ ይጠጣ። አፉን ውሃ ውስጥ ከመክተቱ በፊት ግን ጎንበስ ብሎ ሽማግሌውን እንዴት አደሩ ይበል።"

በዚያው ቀን ዝሆን አሸዋውን ቆፈረ። በጥርሱ ቆፈረ፣ በእግሩ ቆፈረ፣ ኩምቢው እስኪጠፋ ቆፈረ። ከሥር ቀዝቃዛ ውሃ ፈለቀ፤ ኩሬዋም ሞላች። ግልገሎቹ ሆዳቸው እስኪነፋ ጠጡና እዚያው ጭቃው ላይ ተኙ። ጉማሬ አየ፣ ምንም አላለም።

እስከ ዛሬ ድረስ የዱር እንስሳ ውሃ ዳር ሲደርስ ወዲያው አይጠጣም። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ትንሽ ይቆማል። አዞ ፈርቶ ነው ይላሉ። አዞ አይደለም። ሰላም እያለ ነው።

ከብዙ ዘመን በኋላ ሰዎች መጡ። ድንኳን ተከሉ። ብሩሽ ነበራቸው፣ ሜትር ነበራቸው፣ ማጉያ መነጽር ነበራቸው። አጥንቱን ከአፈሩ በጥንቃቄ ገለጡት። አንዱ ጭኑን ለካና የዝሆን ወገን ነው አለ። አንዷ ጥርሱን አየችና የጉማሬ ወገን ነው አለች። ሦስተኛው የጥርስ ምልክት አገኘና ጅብ በልቶታል አለ። ተከራከሩ። ደግ ሰዎች ናቸው፣ ሥራቸውን ይወዳሉ፣ በየጠዋቱም እንዴት አደርክ፣ እንዴት አደርሽ፣ ሻይ ደርሷል ወይ ይባባላሉ። አጥንቱ መሃላቸው ተኝቶ ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል።

እስካሁን እየጠበቀ ነው።

እናንተም ወንዝ ዳር አጥንት ብታገኙ፣ ወይም መንገድ ላይ የማታውቁት ሽማግሌ ብታገኙ፣ የማን ነህ ከማለታችሁ በፊት እንዴት አደሩ በሉ። ተረቴ ይኸው ነው፤ የወደደ ይዞት ይሂድ፣ ያልወደደም ያገኘበት ያስቀምጠው። ለእኔ ውሃ አቀብሉኝ፣ ጉሮሮዬ ደርቋል።